ከሕፃን ጋራ ወደ ቴፒ መውረድ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙ ቤተ ሰብ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማና በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ ቴፒ ይወርዳል። አገሩ ዝናብ የበዛበት፥ ቡና በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት ለምለም አገር ነው። አያት የልጅ ልጅዋን ለማየት ትናፍቃለችና ሕፃኑም አብሮ ይሄዳል።

ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ቴፒ ከ1,300 ሜትር በታች ናት። በዚያ የወባ ትንኝ አለች፤ የምትናደፈውም ይልቁንም በሌሊት ነው። በደጋ ያደገ ሕፃን ሰውነቱ ወባን አልለመደምና በሽታው ቶሎ ይጥለዋል። ስለዚህ እናቲቱ ከልብሱ አስቀድማ አጎበር ትያዝ። «የአያቱ ቤት ነው» ተብሎ አጎበሩ አይተው፤ ትንኝ ዘመድና ባዕድ አትለይም። 6 ወር ላልሞላው ሕፃን የእናቱ ጡት ይበቃዋል፤ ስለ ሙቀቱም ውሃ አይጨመርለትም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። ወባ በተነደፉበት ቀን አይታወቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ይቈያል። እንግዲህ ትኵሳቱ ሕፃኑ አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ ሊነሣ ይችላል፤ የቤት ሰውም ጕንፋን ይመስለዋል። በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ። እናቲቱ በድንጋጤ ብትረሳ፥ ታላቅ እኅቱ «ቴፒ ነበርን» ትበል፤ ሐኪሙም ደሙን ይመረምራል።