ስለ ውርጭና ስለ በጋ ሌሊት ብርድ

ውርጭ እህልን በአንዲት ሌሊት አድርቆ የሚያሳድር ጠላት ነው። አንበጣ ከሩቅ ሲመጣ ይታያል፤ ውርጭ ግን ገበሬው ተኝቶ ሳለ ይደርሳል፤ ጧት ፀሐይ ስትወጣም ጉዳቱን ብቻ ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት ነው ብለው ዝም ይላሉ። ነገር ግን ምክንያቱን ለመረመረ ሰው፣ ውርጭ የሚመጣበት ወራትና የሚያርፍበት ስፍራ አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። እርሻ እንዲታረስ፣ ዘርም እንዲዘራ የሚያዝዙ ሹማምንትና የመሬት ባለይዞታዎች ይህን ቢያውቁ በገበሬው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በብዙ ሊያሳንሱት ይችላሉ።

የውርጭ ምክንያት እንዲህ ነው። ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ደመና ባለበት ሌሊት ደመናው እንደ ጋቢ ሆኖ ሙቀቱን ያስቀረዋል። ሰማዩ የጠራ፣ ነፋሱ ጸጥ ያለ፣ አየሩም ደረቅ በሆነ ጊዜ ግን የሚከለክለው ስለሌለ ሙቀቱ ይወጣል፤ መሬቱና ቅጠሉም ከላያቸው ካለው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛሉ። ቅዝቃዜው ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲወርድ በቅጠሉ ላይ አመዳይ ይታያል፤ በውስጡ ያለውም ውሃ በረዶ ሆኖ አካሉን ያፈርሰዋል። በግዕዝ አስሐትያ የሚባለው ይኸው ነው። በአገራችን ውርጭ የሚበረታው ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው።

የሌላው አገር ብርድ ከዚህ ይለያል። በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ በብርድ ወራት መሬቱ ራሱ ወደ ውስጥ ድረስ በረዶ ይሆናል፤ ብርዱ ሊያልፍ ሲል ቀን እየቀለጠ፣ ሌሊት እንደ ገና እየጠጠረ አፈሩን ወደ ላይ ይገፋና የስንዴውን ሥር ይነቅለዋል። በአገራችንም ተራሮች በረዶ መኖሩ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት በአዱሊስ አይቶ የገለበጠው የአንድ የአክሱም ንጉሥ የድንጋይ ጽሕፈት፣ በስሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳለ ይናገራል። በሚታረሰው አገር ግን የሚያሠጋን የወራት ብርድ ሳይሆን የቀንና የሌሊት መለዋወጥ ነው። በእኛ ዘንድ በበጋ ከቀትር እስከ ንጋት ያለው የሙቀት ልዩነት ከወር እስከ ወር ካለው ልዩነት ይበልጣልና።

ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,080 ሜትር ከፍ ያለች የወይና ደጋ ከተማ ስለሆነች ውርጭ እንደ ደጋው አያዘወትራትም። የሻምቡ ከተማ ያለችበት የሆሮ ደጋ ግን ወደ 2,500 ሜትር ይደርሳል፤ ሙቀትም በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ሆኖም ከፍታን ብቻ ማወቅ አይበቃም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት እንደ ውሃ ከተዳፋቱ ወርዶ በረባዳው ስፍራ ይተኛል። በነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ የሚባል ስፍራ አለ፤ ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው። ምንጭና ረግረግ ያለበት ዝቅተኛ ቦታ ውሃ እንደሚሰበሰብበት ሁሉ ቀዝቃዛ አየርም ይሰበሰብበታል። የበጋ መስኖም ውሃን ተከትሎ አብዛኛውን ጊዜ የሚለማው በዚሁ ዓይነት ቦታ ነው። ስለዚህ ለውሃው የተመረጠው እርሻ፣ አስተውሎ ለማይዘራ ሰው የውርጭ ማደሪያ ይሆንበታል።

ስለዚህ የሚከተለውን መጠበቅ ይገባል።

1ኛ፤ በረባዳ ቦታ በብርዱ ወራት ድንችን፣ ቲማቲምንና በቆሎን ከመዝራት ይልቅ ወደ ተዳፋቱ ወገብ ማውጣት ይሻላል። የእርሻው አጥር በታችኛው ወገን ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ቀዝቃዛውን አየር ያቁረዋልና ማውጫ ይተውለት።

2ኛ፤ ስንዴ ገና ቅጠል ሳለ ውርጭን ይታገሣል፤ ዛላው ወጥቶ በሚያብብበት ጊዜ ከመታው ግን ዛላው እንደ ቆመ ፍሬ ሳይዝ ይቀራል። ስለዚህ ከዘር እስከ አበባ ያለውን ቀን ቆጥሮ፣ አበባው በጽኑው ብርድ ላይ እንዳይውል አድርጎ መዝራት ነው። ለቆላውም ለደጋውም በአንድ ቀን ዝሩ ብሎ ማዘዝ ግን ስሕተት ነው።

3ኛ፤ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ካለ፣ ሌሊቱ ከመግባቱ በፊት እርሻውን ውሃ ማጠጣት ይጠቅማል። እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይይዛልና። በተክሉ መካከል የተነጠፈ ደረቅ ገለባ ግን የመሬቱን ሙቀት ወደ ቅጠሉ እንዳይወጣ ይከለክላል።

4ኛ፤ የችግኝ መደብ ማታ ከላይ በሣር ዳስ ይሸፈን፤ ጧትም ይገለጥ። ጢስ ማጤስ ብቻውን የሚያድነው ጥቂት ነው።

5ኛ፤ የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ የሙቀት መለኪያ ከመሬት 2 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ እርሱ 3 ዲግሪ ሲያሳይ ሣሩ ላይ ውርጭ ሊኖር ይችላል። ዜሮ እስኪደርስ መጠበቅ አይገባም።

ስለ ቡናም አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በብራዚል የደረሰው ውርጭ የፓራናን አገር ቡና ከሞላ ጎደል አጠፋው፤ ሐምሌ በዚያ የብርድ ወራት ነው። በተከታዮቹ ዓመታትም የቡና ዋጋ በዓለም ሁሉ እጅግ ወጣ። የወለጋ ቡና ለቀምት በሚል ስም በዓለም ገበያ የታወቀ ሀብት ነው። ቡናውን ወደ ደጋው ከፍ አድርጎ ለመትከል የሚያስብ ባለይዞታ፣ ዋንዛንና የመሰሉትን የጥላ ዛፎች አይቍረጥ። ቀን ፀሐይን የሚከላከለው ቅርንጫፍ፣ ሌሊት የምድርን ሙቀት ያስቀራልና።

ከሁሉ ይልቅ ሹሙ በየቀበሌው ያሉትን ሽማግሌዎች ጠይቆ፣ ውርጭ በየትኛው እርሻና በየትኛው ወር እንደሚያዘወትር በመዝገብ ያስጽፍ። ገበሬው ዘሩንና ድካሙን በአንዲት ሌሊት ካጣ በኋላ የሚሰጠው ምክር አያጠግበውም፤ ከመዝራቱ በፊት የተሰጠው ግን ከርሀብ ያድነዋል።