ልብን ሌሊትና ቀን የሚቆጥረው ማሽን

ውድ ተማሪዎች፤ ንባባችሁን ከመቀጠላችሁ በፊት የአንድ እጃችሁን ሁለት ጣቶች በሌላው እጃችሁ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል አሳርፉ። የልብ ምታችሁን ለ30 ሰከንድ ቁጠሩና በ2 አባዙት። ዐርፎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ምት ያገኛል፤ የትንንሽ ልጆች ከዚህ ይፈጥናል።

እናንተ ለጥቂት ሰከንድ የቆጠራችሁትን፣ በሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ሞኒተር የሚባለው ማሽን ያለ ዕረፍት ይቆጥራል። ልብ በመታች ቁጥር በውስጧ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ያልፋል። በሕመምተኛው ደረት ላይ የተለጠፉ ኤሌክትሮዶች ይህን ተቀብለው በገመድ ወደ ማሽኑ ይልኩታል። ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን ይህን ኤሌክትሪክ በትክክል የሚመዘግብበትን ዘዴ በማግኘቱ በ1924 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል።

ታዲያ ማሽኑ አደጋን እንዴት ይለያል? እያንዳንዱ ምት በስክሪኑ ላይ እንደ ሾጣጣ ተራራ ይታያል። ማሽኑ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ያለውን ጊዜ ይለካል። ጊዜው አንድ ሰከንድ ከሆነ ምቱ በደቂቃ 60 ነው፤ ግማሽ ሰከንድ ከሆነ 120 ነው። የተራራውንም ስፋትና ቅርጽ ያመዛዝናል። ምቶቹ ሰፍተው በጣም ከፈጠኑ፣ ቅርጻቸው ጠፍቶ መሥመሩ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ለጥቂት ሰከንዶች ምት ከጠፋ ደወል ያሰማል። ልብ እየተንቀጠቀጠች ደም መርጨት ካቆመች ሕይወት በደቂቃዎች ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። ማሽኑ ከደወሉ በፊትና በኋላ የነበረውን መሥመር ስለሚያስቀምጥ፣ ዘግይቶ የደረሰ ሐኪም እንኳ የሆነውን ማየት ይችላል።

ይሁን እንጂ ሕመምተኛው ሲገላበጥ ወይም ኤሌክትሮዱ ሲላቀቅም ማሽኑ ሊጮኽ ይችላል። የሐሰት ደወል ሲበዛ ጆሮ ይለምደዋል፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ጥሩ ነርስ ደወል ስትሰማ ከስክሪኑ በፊት ሕመምተኛውን ታያለች። ማሽን ይጠራል እንጂ አያድንም፤ የሚያድነው ሮጦ የሚደርሰው ሰው ነው።

ልባቸውን የታመሙ ልጆች በአገራችንም ብዙ ናቸው። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት የተመሠረተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በ2009 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል። ከልጆቹ ብዙዎቹ የልባቸው በሮች የተጎዱት በደንብ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በመጣ በሽታ ነው።

ውድ ወላጆች፤ እዚህ ኮር ዊሊያም ሆነን ልጃችን ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ሲይዘው ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒትም፣ ቢሻለው እንኳ፣ እስከ መጨረሻው እንዲወስድ እናድርግ። የመጀመሪያውን ደወል የምንሰማው እኛ ነን።