የወላጆች በዓልና ኢንተርኔት

እጩ መምህራን ሆይ! ገጠር ስትመደቡ የወላጆች በዓል ዝግጅት በእናንተ ላይ መውደቁ አይቀርም። ታዲያ በዓሉ ሰው ሳይሰበሰብ በኢንተርኔት ይተላለፍ ቢባልስ?

2012 ዓ.ም.ን እናስታውስ። በኮቪድ ምክንያት መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ስብሰባም ተከለከለ። ካርድና ሽልማት የሚሰጥበት ሰኔ ደረሰ። ሌላው ቢቀር በስልክ እናስተላልፍ እንዳይባል፣ የአምቦው ልጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። አምቦም፣ ጉደርም፣ ጊንጪም፣ አዲስ አበባም እኩል ሆኑ። ለሳምንታት ቆየ።

ስለዚህ ዝግጅታችሁ መስመር ኖረም አልኖረ የሚሠራ ይሁን። የልጆቹን ግጥምና ድራማ አስቀድማችሁ በስልክ ቅረፁ፤ በሚሞሪ ካርድ ገልብጣችሁ ስልክ ላላቸው ጎረቤቶች በየመንደሩ አድርሱ። ቪዲዮ ዳታ ይበላል፣ ድምፅ ብቻውን ግን ትንሽ ይበቃዋል። ባትሪ ቀድሞ መሙላት ነው፤ መብራቱን አምኖ መቀመጥ የለም!

የተሸላሚዎችን ስም ከነአባታቸው፣ በአፋን ኦሮሞ፣ ረጋ ብላችሁ ጥሩ። እናትየው ጆሮዋን አቁማ የምትጠብቀው እሱን ነው። የርእሰ መምህሩ ንግግር ቢያጥር ግን ማንም አይከፋውም።