ማንም የሚጽፈው መዝገበ ዕውቀት

ባለፈው ዓመት በታሪክ ትምህርት ስለ ውጫሌ ውል አጭር ጽሑፍ እንድናቀርብ ታዘዝን። ከክፍላችን ተማሪዎች ስድስታችን ውሉ የተፈረመው በ1889 ዓመተ ምሕረት ነው ብለን ጻፍን። መምህራችንም ወረቀቶቹን ሲመልሱልን፥ «ልጆቼ፥ የአድዋ ጦርነት የተደረገው በ1888 ዓመተ ምሕረት ነው። ታዲያ የጠቡ ምክንያት የሆነው ውል ከጦርነቱ በኋላ እንዴት ሊፈረም ቻለ?» ሲሉ ጠየቁን። የሚመልስ ጠፋ። ለካ ስድስታችንም ዓመቱን የገለበጥነው ዊኪፒዲያ ከተባለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት፥ ያውም ከእንግሊዝኛው ክፍል ኖሯል። መዝገቡ አልተሳሳተም፤ 1889 ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ ግን ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው። ስሕተቱ የገልባጮቹ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ መዝገብ ምን ያህል እንደሚታመን ለማወቅ ስለጓጓሁ፥ ያገኘሁትን ለመጽሔታችን አንባብያን አቀርባለሁ።

ዊኪፒዲያ የተመሠረተው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2001 በጃንዋሪ ወር ሲሆን፥ መሥራቾቹ ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሁለተኛ አልሳሳትም።) ከቀድሞዎቹ መዝገበ ዕውቀቶች የሚለየው ጸሐፊዎቹ የተመረጡ ሊቃውንት ብቻ ሳይሆኑ ማንኛውም ፈቃደኛ ሰው መሆኑ ነው። አንዱ ዛሬ የጻፈውን ሌላው ነገ ያርመዋል፤ ወይም ያበላሸዋል።

እንዲህ ያለው ሥራ ከቶ ሊታመን አይገባውም የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ በ2005 ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት በ42 የሳይንስ ርእሶች የዊኪፒዲያንና የስመ ጥሩውን የብሪታኒካን ጽሑፎች፥ የማን እንደሆኑ ሳይገልጥ፥ በባለሙያዎች አስመርምሮ ነበር። በዊኪፒዲያ 162፥ በብሪታኒካ 123 ጉድለቶች ተገኙ። ከባድ የተባሉት ስሕተቶች ግን ስምንት ሲሆኑ፥ ለሁለቱም አራት አራት ደረሳቸው። የብሪታኒካ አዘጋጆች ምርመራው ትክክል አይደለም ብለው አጥብቀው ቢቃወሙም መጽሔቱ በቃሉ ጸንቷል።

በዚያው በ2005 ግን አንድ ሰው ጆን ሲገንታለር ስለተባሉት አሜሪካዊ ጋዜጠኛ፥ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ ተጠርጥረው ነበር የሚል ሐሰት በዊኪፒዲያ ጻፈ። ይህም አራት ወር ያህል ሳይታረም ቆየ። እንደ እኔ አስተያየት የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ዐዋቂ የሚመላለስበት ገጽ ቶሎ ይታረማል፤ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ገጽ ግን ሐሰቱን ታቅፎ ይቀመጣል። አንባቢው ከሁለቱ የትኛውን እንደከፈተ በመልኩ ሊለየው አይችልም፤ ሁለቱም ያው አንድ ዓይነት ናቸውና።

ይህ ነገር ለእኛ የሚከብድበት ምክንያት አለ። የእንግሊዝኛው ክፍል ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት የአማርኛው 15 ሺህ ያህል ብቻ ነው ያለው። የሚጽፉት ጥቂቶች ከሆኑ የሚያርሙት ደግሞ ከዚያ ያነሱ መሆናቸው አይቀርም።

በአሜሪካ የሚድልበሪ ኮሌጅ የታሪክ ክፍል በ2007 ተማሪዎች ዊኪፒዲያን በማስረጃነት እንዳይጠቅሱ ወሰነ። ምክንያቱም ብዙ ተማሪዎች በፈተና ላይ፥ በ17ኛው መቶ ዓመት በጃፓን በሺማባራ የተነሣውን ዐመፅ የኢየሱሳውያን ካህናት ረድተውታል ብለው፥ ሁሉም ያንኑ ስሕተት ስለጻፉ ነው። ማንበቡን ግን አልከለከሉም። ይህን ሳነብ የኛው ስድስት ወረቀቶች ትዝ አሉኝ፤ ብቸኞች አለመሆናችንም ትንሽ አጽናናኝ።

አሁን አንድ ገጽ ስከፍት አስቀድሜ ወደ ግርጌው እወርዳለሁ። እዚያ የተጠቀሱት መጻሕፍት ካሉ በቤተ መጻሕፍታችን እፈልጋቸዋለሁ፤ ምንም ያልተጠቀሰበትን እተወዋለሁ። የገጹን ታሪክ የሚያሳየውንም ክፍል እከፍታለሁ፤ ማን መቼ ምን እንደለወጠ በዚያ ተመዝግቧል። በዚህ ዓመት ስለ ማይጨው ጦርነት ስጽፍ ይህን ሁሉ አድርጌ፥ ሁለት መጽሐፍ አመሳክሬ፥ ጦርነቱ የተደረገው በ1928 ነው ብዬ በኩራት አስረከብሁ። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ከቁጥሩ አጠገብ በቀይ ቀለም፥ «በማን አቆጣጠር?» ብለው ጽፈውበታል።