ስለ አሮጌ ቮልስዋገን መርገጫ አጠጋገን



ከሆለታ እስከ ጊንጪ፣ ከአምቦም እስከ ጉደር በአሮጌ ቮልስዋገን ለሚመላለስ ሰው ክረምት ከሚያደርስበት ጉዳት አንዱ የመርገጫው መዛግ ነው። መርገጫ የምንለው በግራና በቀኝ ከበሩ ሥር ተዘርግቶ የፊቱን ፓራፋንጎ ከኋላው ጋር የሚያገናኘውን፣ ጎማ የለበሰውን ላሜራ ነው።

ውሃ በተሰነጠቀው ጎማ ሥር ገብቶ ይቀመጣል፤ ከታችም የጊንጪ አካባቢ ጥቁር መረሬ ጭቃ ተለጥፎ እርጥበቱን ለብዙ ቀን ይይዛል። እንግዲህ ዝገቱ የሚጀምረው ዐይን በማያየው ስፍራ ስለሆነ፣ ከላይ ቀለም መቀባት ጉዳቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም።

ጥገናው ዝናብ ካባራ በኋላ፣ በጥቅምት ወይም በኅዳር ቢደረግ ይመረጣል። በመጀመሪያ የዛጉት ቡሎኖች ዘይት ተደርጎባቸው ይደሩ፤ በግድ ቢፈቱ ይሰበራሉና። መርገጫው ከወለቀ በኋላ ጎማው ይገፈፍ፤ ላሜራው በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ድረስ ይፈተግ። ቀዳዳ የተገኘበት እንደ ሆነ፣ የበሰበሰው ተቈርጦ በውፍረት የሚተካከለው ላሜራ ይበየድበት። ስቱኮ ሸካራውን ለማስተካከል እንጂ የሰው ክብደት ለመሸከም አይሆንም። ከዚያም ታጥቦና ፈጽሞ ደርቆ፣ በዚያው ቀን በሁለቱም ገጽ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባ፤ የማጠናቀቂያውም ቀለም ሁለት ጊዜ በስሱ ይደረብበት። ጎማው የሚለጠፈው ቀለሙ ከጠነከረ በኋላ ነው።

መርገጫው በወለቀ ጊዜ ከበስተጀርባው፣ በበሩ ሥር ያለውን ቱቦ መመርመር አይዘንጋ። ይህ ክፍል ሙቅ አየር ከማስተላለፉም በላይ የመኪናውን አካል ይደግፋል። እርሱ በስብሶ ሳለ መርገጫውን ማሳመር ገዢን ከማታለል አይለይም።

አስመጪዎችም ይህን ልብ ይሏል። የዚህ ዓይነት ቮልስዋገን ሥራ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ዛሬ የሚገዛው አዲስ መርገጫ በልዩ ልዩ ፋብሪካ የሚሠራ ምትክ ነው፤ የላሜራው ውፍረትና የጎማው አጣበቅ እንደ ሠሪው ይለያያል። ስለዚህ ብዙ ከማዘዝ በፊት ናሙና አስመጥቶ መመርመር ይበጃል። ባለሱቅም ቡሎኑንና በመርገጫውና በፓራፋንጎው መካከል የሚገባውን የጎማ ቀለበት አብሮ ቢያቀርብ ደንበኛውን ከመንከራተት ያድናል።

አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ጐንበስ ብሎ መርገጫውን ከታች ይዳስስ። የሚሸጥም በደረሰኙ ላይ «ላሜራው ተለውጧል» ወይም «ቀለም ብቻ ተቀብቷል» ብሎ ለይቶ ይጻፍ። አንዲት መሥመር ጽሑፍ ከብዙ ክርክር ታድናለች፤ የነጋዴንም ስም ትጠብቃለች።