በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ የሚመላለስ የሰርተፊኬት ማስጠንቀቂያ፦ መንሥኤውን ስለ መለየት

ለረጅም ዓመታት ያገለገለ ኮምፒውተር፣ ታማኝነታቸው የማያጠራጥር ድረ ገጾች በተከፈቱ ቁጥር የደኅንነት ሰርተፊኬት ማስጠንቀቂያ ሊያሳይ ይችላል። ተጠቃሚው አብዛኛውን ጊዜ አልፎት ይገባል። አደጋው ያለው በዚህ ልማድ ላይ ነው፤ የይለፍ ቃል ሊሰርቅ በመካከል የገባ አካል ሲኖር የሚወጣው ማስጠንቀቂያ መልኩ ከዚሁ አይለይምና።

አስቀድሞ የሚመረመረው የኮምፒውተሩ ቀን ነው። እያንዳንዱ ሰርተፊኬት የሚጸናበት መነሻና መድረሻ ቀን አለው፤ ብሮውዘሩም ይህን የሚያመሳክረው ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ነው። ኃይል ሲቋረጥ ሰዓቱን የምታስቀጥለው በማዘርቦርዱ ላይ የምትገኝ ባትሪ ስትሆን፣ በብዙዎቹ ኮምፒውተሮች ሲአር2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ናት። እርሷ ስትደክም ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሰርተፊኬቱም መጽናት ያልጀመረ መስሎ ይታያል። ቀኑ ተስተካክሎ ማስጠንቀቂያው በማግሥቱ ከተመለሰ የምትጠረጠረው ባትሪዋ ናት። በኢትዮጵያ ሌላም መንሥኤ አለ፤ የጎርጎርዮስ ዓመት በሚጠየቅበት ቦታ የኢትዮጵያን ዓመት የሞላ ሰው ኮምፒውተሩን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይጥለዋል። የስድስት ሰዓቱ የአቆጣጠር ልዩነት ግን እምብዛም አይጎዳም።

የቀን ስሕተት የሚነካው ድረ ገጾችን ሁሉ ለማለት ይቻላል። ማስጠንቀቂያው በአንዳንዶቹ ላይ ብቻ ሲወጣ ግን ምርመራው ወደ ሥር ሰርተፊኬቶች ይዞራል፤ እነዚህም ኮምፒውተሩ በቅድሚያ የሚያምናቸው ሰርተፊኬት ሰጪዎች ዝርዝር ናቸው። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ሰርተፊኬት ሰጪ ሲደገፍበት የነበረው ዲኤስቲ ሩት ሲኤ ኤክስ3 እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2021 ጊዜው አለፈ። ተተኪው አይኤስአርጂ ሩት ኤክስ1 በማክ ሥርዓተ ክወና ውስጥ የተካተተው ከ10.12.1 ጀምሮ በመሆኑ፣ በ10.11 የሚሠሩ ኮምፒውተሮች በዚሁ ሰጪ የተመሰከረላቸውን ድረ ገጾች በሳፋሪ ለመክፈት ተቸገሩ። ፋየርፎክስ ግን የራሱን ዝርዝር ስለሚይዝ በእነዚያው ኮምፒውተሮች ላይ ይከፍታቸው ነበር። ስለዚህ ፋየርፎክስን መሞከር መፍትሔ ብቻ ሳይሆን ጠቃሚ መመርመሪያም ነው።

የጎደለውን ሥር ሰርተፊኬት በእጅ መጫን ይቻላል። ሆኖም ፋይሉ በሌላ ጤናማ ኮምፒውተር ከሰጪው ድረ ገጽ መወሰድ፣ አሻራውም መመሳከር አለበት፤ ሥር ሰርተፊኬቱ አንዴ የታመነለት አካል በማንኛውም ድረ ገጽ ስም ሊመሰክር ይችላልና። እንደ ዊንዶውስ ኤክስፒ ባሉት ላይ ደግሞ ሥርዓተ ክወናው ራሱ ቲኤልኤስ 1.2ን ስለማያውቅ ይህ ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

ቀኑም ዝርዝሩም ትክክል ከሆኑ በማስጠንቀቂያው ዝርዝር መግለጫ ላይ የሰጪው ስም ይነበባል። የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም ስም ከሆነ፣ ፕሮግራሙ የተመሰጠረውን ግንኙነት ለመፈተሽ በመካከል ገብቷል ማለት ነው፤ ይህ ቅንብር ሊዘጋ ይችላል። ስሙ ፈጽሞ የማይታወቅ ከሆነ ግን የይለፍ ቃል ሳይገባ ገጹ ተዘግቶ፣ ያው ድረ ገጽ በሌላ የኢንተርኔት መስመር ይሞከራል።