ከብርዱ ይልቅ ጥድፊያውን ፍሩት

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፔትዎርዝ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቡና ይዞ የተቀመጠ ሐበሻ ወሬው ሦስት ነው፦ የአገር ቤት ፖለቲካ፣ የቤት ኪራይ፣ ከዚያም «ከዚህ ከተማ ውልቅ ብዬ ብወጣስ?»። ሦስተኛው ሰሞኑን በርትቷል። አንዱ ሚኒሶታ ዘመድ አለው። ሌላው ትራክ ሲነዳ ያለፈበት የዋዮሚንግ ሜዳ ልቡን ወስዶታል። አንዷ ደግሞ ምዕራብ ሜሪላንድ ተራራ ላይ ጓሮ ያለው ቤት በስልኳ ስታይ ታመሻለች። ወሬው ሞቅ ሲል ግን አንድ ሰው «ብርዱስ?» ይላል፤ ነገሩ እዚያው ይቀራል።

እኔ ብርዱ ምክንያት እንዲሆናችሁ አልፈልግም። የደጋ ልጆች እኮ ነን! የመንዝ ሰው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ገብስ እየዘራ፣ በግ እያረባ፣ ከበጉ ጸጉር ባና እያሠራ ስንት ዘመን ኖሯል። ጓሳ የሚባለውን የጋራ ሜዳ ሣርም እንዳሻው አያጭደውም፤ በጋራ ደንብ ከልሎ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ከፍቶ ለቤቱ ክዳን ያውለዋል። ያ ሕዝብ ብርዱን የቻለው ቆዳው ስለወፈረ አይመስለኝም። ብርዱ ሳይመጣ ስለሚሰናዳለት ነው።

በዘመናችን ይህን ካሳዩን ሰዎች አጊቱ ጉደታ በእኔ ዘንድ ቀዳሚዋ ናት። አዲስ አበባ ተወልዳ ጣሊያን ትሬንቶ ሶሲዮሎጂ ተማረች። አገሯ ተመልሳ የገበሬው መሬት ለባለሀብት መሰጠቱን ስትቃወም ነገሩ ከረረባትና እ.ኤ.አ. በ2010 ተሰደደች። ጣሊያን ስትደርስ ኪሷ ውስጥ የነበረው 200 ዩሮ ገደማ እንደነበር ተጽፏል። ብዙ ስደተኛ ወደ ትልቅ ከተማ ሲያመራ እሷ ሞኬኒ ወደሚባለው የአልፕስ ሸለቆ ወጣች። ወጣቱ ጥሎት የሄደ፣ ግጦሹን ቁጥቋጦ የወረሰው፣ ክረምቱ በረዶ የሆነ አገር ነው። ከአያቷ የተማረችው የፍየል እረኝነት ነበራትና በ15 ፍየሎች ጀመረች።

ልብ በሉልኝ፤ ፍየሎቹ ሞኬና የሚባሉ፣ ለመጥፋት የተቃረቡ የዚያው ሸለቆ ዝርያ ናቸው። ብዙ ወተት የሚሰጥ የፈረንጅ ዘር ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም። እዚያ ተራራ ላይ ብርዱንና አቀበቱን ለምዶ የሚኖረው ምን እንደሆነ አየች፣ እሱን ያዘች። የተተወውን መሬት አቀናች፣ አይብና እርጎ እየሠራች ትሬንቶ ገበያ ላይ ሸጠች፣ እርሻዋን «ደስተኛዋ ፍየል» አለችው። ከጊዜ በኋላ መንጋዋ ወደ 180 ደርሶ ነበር።

ታሪኳን አሳምሬ ልቁረጠው ብል ግን ውሸት ይሆናል። በ2020 ዲሴምበር ላይ አብሯት ይሠራ የነበረ ሰው ቤቷ ውስጥ ገደላት፤ 43 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀን ቀርቷት ነበር። የቆዳዋን ቀለም እየጠራ ያስቸገራትና የዛተባት ጎረቤትም ነበር። ወደ ገጠር የሚሄድ ሰው በረዶውን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ማጥናት አለበት። ፍየሎቹን ግን ያው ሸለቆ አልጣላቸውም፤ የአካባቢው ወጣት ሴት ተረከበቻቸው።

እንግዲህ የእሷን ዘዴ ወደ እኛ እናምጣው። የምትሄዱበት አገር ሰው በምን ይኖራል? ሰሜን ዳኮታ ውስጥ መኪና ሌሊቱን ሞተር ማሞቂያው ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክቶ ያድራል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ጠዋት መኪናው አልነሣ ብሎት ከሥራ ይቀራል። የበረዶ ጎማ ቅንጦት አይደለም። የተለመደው ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እየደረቀ መንገዱን መያዝ ያቅተዋል። ገጠር ቤት ውኃው ከጉድጓድ በፓምፕ የሚመጣ ከሆነ፣ መብራት ሲሄድ ውኃውም አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ የተጠራቀመ ውኃ ይኑራችሁ። በእንጨት የምታሞቁ ከሆነ ዛሬ የተቆረጠ እንጨት ለዘንድሮ አይሆንም፤ ሊደርቅ ወራት ይፈልጋል፣ አንዳንዱም ዓመት። እኛ የከሰል ሰዎች ስለሆንን አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር፦ መብራት ቢጠፋም ከሰል ቤት ውስጥ አታንድዱ። መኪና ውስጥ በረዶ ቢይዛችሁም ሞተር ከማስነሣታችሁ በፊት የጭስ ማውጫውን ከበረዶ አጽዱ። ጭሱ ውስጥ ያለው ጋዝ ሽታ የሌለው ገዳይ ነው።

ስለ እንጀራስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ አያስፈልግም። ጤፍ አሜሪካ ውስጥ ብርዳማው አይዳሆ ሳይቀር ይበቅላል፣ በፖስታ ይመጣል። ችግሩ ሊጡ ነው። በሁለት ቀን የሚቦካው ሊጥ ቀዝቃዛ ወጥ ቤት ውስጥ አራተኛው ቀን ላይ እንኳ ዝም ይላል፤ ውኃው ከላይ አይጠልልም፣ አረፋም የለም። መላው ቀላል ነው። ሊጡን ክዳኑ ላላ ባለ ዕቃ አድርጉና ኦቨን ውስጥ አስቀምጡት፤ ኦቨኑን ሳታበሩ አምፖሏን ብቻ አብሯት። የአምፖሏ ሙቀት ለእርሾ ይበቃዋል። ኦቨኑ ላይም «ሊጥ አለ» ብላችሁ ወረቀት ለጥፉ፤ ሳያይ ኦቨን የሚለኩስ ሰው ከየቤቱ አይጠፋም።

ይህ ሁሉ የሕልም ወሬ ከመሰላችሁ ከእኛው ሰፈር ወረድ ብሎ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለውን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አስቡ። እንደዚያ ባሉ ሆስፒታሎች በጄ-1 ቪዛ ስፔሻላይዝ የሚያደርጉ ሐኪሞች ሲጨርሱ ለሁለት ዓመት ወደ አገራቸው የመመለስ ግዴታ አለባቸው። ከዚያ ነፃ ከሚያደርጓቸው መንገዶች አንዱ ሐኪም ባጠረው አካባቢ ሦስት ዓመት መሥራት ነው፤ ኮንራድ 30 በሚባለው ፕሮግራም እያንዳንዱ ስቴት በዓመት ለ30 ሐኪሞች ይህን ማስፈቀድ ይችላል። በዚህ መንገድ ስማቸውን ሰምተን የማናውቃቸው ብርዳም ከተሞች የገቡ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች አሉ። ግዴታ ይዟቸው ሄደው፣ ሦስቱ ዓመት ሲያልቅ ወድደው የሚቀሩ አይጠፉም።

ለምን ይቀራሉ? የኔ ግምት ጎረቤት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ተረት በረዶ አገር ሕግ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ላይ ዳቦ ጋግራችሁ አንኳኩ። ስልካችሁን ስጡ፣ ስልካቸውን ተቀበሉ። ጸሐዩ ቶሎ ስለሚጠልቅ ድብርት ከመጣም በልባችሁ አትያዙት፤ ለሐኪም ንገሩ፣ ቫይታሚን ዲያችሁንም አስለኩ። ጥቁር ቆዳ ከደካማ ጸሐይ ቫይታሚኑን ለማግኘት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

አሁንም ሚኒሶታ ከመዝለላችሁ በፊት የቅርቡን ሞክሩ። ጋሬት ካውንቲ ሜሪላንድ ውስጥ ነው፤ ከፔትዎርዝ የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ። ዲሲ በዓመት በአማካይ 14 ኢንች ገደማ በረዶ ስታገኝ እዚያ ከ100 ኢንች በላይ ይወርዳል። በጁላይ እዚያ ያለውን ሐይቅ አይቶ ቤት የሚገዛ ሰው የገዛው ሐይቁን ነው። እናንተ በፌብሩዋሪ ሂዱ። 270ን፣ ከዚያ 70ን ይዛችሁ ሃንኮክ ላይ ወደ 68 ግቡ፣ ከምበርላንድን እለፉ። ሁለት ሌሊት እደሩ። ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ ሳይሆን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ወደ ሥራ እንደሚሄድ ሰው መኪናችሁን ከበረዶ አውጡ።

ወድዳችሁት ቤት ማየት ከጀመራችሁም ስለ ወጥ ቤቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን መንገድ በረዶ ሲዘጋው የሚጠርገው ማነው በሉ። ካውንቲው ከሆነ ጥሩ። የግል መንገድ ነው ከተባላችሁ ጠራጊው እናንተ ናችሁና የመጥረጊያ መኪናውን ወይም የጠራጊውን ዋጋ ከቤቱ ዋጋ ጋር ደምሩት።